የአንባቢው ድርሻ

ጓድ ራይሩ ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶትም አፉን ዘግቶ ማንበብ አልቻለበትም። ጋዜጣ ይሁን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይሁን፣ የአውቶቡስ ትኬት ይሁን፣ ፊደል ካየ ድምፁ ይወጣል። ሦስት ጊዜ የሕዝብ እንደራሴ፣ አንድ ጊዜም ለአሥራ ዘጠኝ ወር ሚኒስትር ሆኖ ነበር፤ ያኔ ምስጢር የሚባል ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ጸሐፊው በሩን ብቻ ሳይሆን መስኮቱንም መዝጋት ነበረበት። ሰው በዚህ ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፣ እስከዚያች ረቡዕ ድረስ።

አመሉ የመጣው ከሥራው ነው። ከፖለቲካው በፊት ራይሩ የቢዲ ቤት አንባቢ ነበር። በፑንጋዳቩ መንደር፣ ከወንዙ መሻገሪያ ፊት ለፊት ባለው ረጅም ቤት ውስጥ፣ ስልሳ ሰባ ሰው እግሩን አጣጥፎ፣ ሰፌዱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ቅጠል በመቀስ እየቆረጠ ትምባሆ ሲጠቀልል ይውላል። ቢዲ ማለት ይህችው በክር የምትታሰረዋ ቀጭን የቅጠል ሲጋራ ናት። እጅ ሥራ ይዞ ጆሮ ሥራ ፈት ስለሚሆን፣ ሠራተኞቹ ከመሀላቸው ድምፅ ያለውን መርጠው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ያስቀምጡና ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር ያስነብቡታል። አንባቢው ያን ቀን ባይጠቀልልም አይጎዳም። ሥራ ሲያበቃ ቅርጫት ይዞራል፤ እያንዳንዱ ሰው ከጠቀለለው አንድ እስር ይጥልለታል። የአንባቢው ድርሻ ይባላል። ራይሩ በዚህ ድርሻ ስምንት ዓመት ኖሯል። ማንበብ ብቻም አልነበረም፤ አንድ ዜና ጨርሶ ቀና ሲል ከኋላ «ይሄ የማን ጥቅም ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ክርክሩ ይቀልጣል፣ መቀሱ ግን አይቆምም። በዚያ መንደር ኮሙኒስት ያልሆነ ሰው ካለ ወይ ደንቆሮ ነው ወይ የቢዲ ቤቱ ባለቤት ነው ይባል ነበር።

ማክሰኞ ዕለት የመንደሩ የፓርቲ ጸሐፊ ሱጉናን ወረቀት ይዞ መጣ። ሱጉናን ሠላሳ ዓመቱ ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፣ የሚጽፈው ግን አንዱ ብቻ ነው። ራይሩ በፖሊስ የተያዘበት አርባኛ ዓመት ስለሆነ፣ እሑድ በወንዙ መሻገሪያ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ሊመረቅ ነው።

«ጋሼ፣ ጽሑፉን አንዴ ይዩልኝ። ድንጋይ ቀራጩ ነገ ይጀምራል።»

ራይሩ መነጽሩን አደረገና እንደተለመደው ለግቢው ሁሉ አነበበው። «ፓርቲያችን በታገደበት ዘመን፣ ጓድ ራይሩ በዚህ ስፍራ አጠገብ፣ በጀልባ ቀዛፊው ቺንዳን ከሃዲነት፣ በጠላት እጅ ወደቀ። እሱ ተያዘ፤ ትግሉ ግን አልተያዘም።»

«የመጨረሻዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት» አለ ሱጉናን።

«ታስታውቃለች» አለች የራይሩ ሚስት ቺሩታ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሩዝ እየለቀመች። ሙገሳ ይሁን ሽሙጥ ለሱጉናን አልተገለጠለትም።

ራይሩ «ጥሩ ነው» ብሎ ወረቀቱን መለሰለት። የቺንዳንን ስም ሲያነብ ምንም አልተሰማውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ራይሩ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ተወጋሁ ብሎ የሚያምነው እሱ ነበር። ይቅር ብዬዋለሁ፣ ረስቼዋለሁ ይል ነበር፤ ይቅር ባይነቱም በልቡ ያኮራው ነበር። እንዲህ ያለ ኩራት የሚያምረው እውነት እስኪመጣ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ናኑ መጣ። ናኑ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፤ ከአርባ ዓመት በፊት ራይሩን የያዘውም ራሱ ናኑ ነው። ዕድሜውን በሌላ አውራጃ ጨርሶ፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ ከሴት ልጁ ጋር ሊኖር ወደ ፑንጋዳቩ ተመልሷል። ሁለቱ ሽማግሌዎች መጀመሪያ በጎሪጥ ተያዩ፣ ቀጥሎ ተሳሳቁ፣ ከዚያ በየረቡዑ ጥቁር ሻይ መጠጣት ጀመሩ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወራሉ፤ ማን እንደሞተ፣ ማን ሊሞት እንደቀረበ ይነጋገራሉ። ስለ እስሩ ግን አንሥተው አያውቁም። የያዘና የተያዘ በአንድ ጠረጴዛ ሻይ እየጠጡ ያን ማንሣት ለሁለቱም ነውር መስሏቸው ነበር።

«እሑድ ድንጋይ ታቆማላችሁ አሉ» አለ ናኑ ጥላውን ግድግዳው ላይ እያስደገፈ። «እኔስ? እኔ ባልኖር ምን ድንጋይ ነበረህ?»

«አለህበት። ጠላት ተብለሃል።»

«ጠላት!» ናኑ ከልቡ ሳቀ፤ የቀሩት ጥርሶች ሦስት ናቸው። «ይሁን፣ ከምንም ይሻላል። በስሙ የተጠቀሰ ሰውስ የለም?»

«ቺንዳን አለ። ጀልባ ቀዛፊው።»

«እሱ ምን ሆኖ?»

«እንዴት ምን ሆኖ? የጠቆመኝ እሱ አይደል?»

ናኑ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ቺንዳን? በሞትኩት! ቺንዳን ምን የሚጠቁም አፍ ነበረውና? አንድ ሳምንት ቀደም ብለን ይዘነው ሁለቴ በጥፊ ብንለው ‹ያሻገርኩት ዓሣ ነው› ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ራይሩ፣ እስከዛሬ አታውቅም ማለት ነው? ራስህን ያስያዝከው አንተው ነህ እኮ!»

ይህን ያለው ሊያቆስለው ብሎ አልነበረም። እንዲያውም የሚያሞግሰው መስሎት ነበር።

«ስማኝማ» አለ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ። «ስድስት ወር ሙሉ ሲቪል ለብሼ ከቢዲ ቤቱ ጀርባ ማንጎው ሥር እቀመጥ ነበር። የሚያነበውን መዝግብ ተብዬ። መጀመሪያ ሥራ ነበር፤ ኋላ ሥራ መሆኑን ረሳሁት። በዕረፍት ቀኔ ሁሉ መምጣት ጀመርኩ፤ ሚስቴ ሴት የያዝኩ መስሏት አልቅሳለች። ከዚያ አንተ ተሰወርክ። አርባ ቀን ፈለግንህ፣ የለህም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓሣዬን አንጠልጥዬ፣ አንተን ሳላስብ፣ በዚያች ደብቃህ በነበረችው ባልቴት ቤት በኩል ሳልፍ ምን ብሰማ ጥሩ ነው? የኮኮናት ዋጋ! ‹በካሊኬት ገበያ ዋጋው ቀንሶ ዋለ› የሚል። አንተ ሰው፣ በዚህ አገር የኮኮናት ዋጋን እንደ አዋጅ የሚያነብ ካንተ ሌላ ማን አለ? ቆምኩ። እስክትጨርስ ጠበቅሁህ። ከጨረስክ በኋላ ነው ሄጄ ባልደረቦቼን የጠራሁት። በሌላው ውቀሰኝ እንጂ በዚህ አትወቅሰኝም፤ አላቋረጥኩህም።»

የራይሩ ሻይ እጁ ላይ ቀዘቀዘ። ሁሉም ነገር ትናንት የሆነ ያህል መጣበት። የደበቀችው ባልቴት ደረቅ ዓሣ ጠቅልላ ያመጣችበት የሁለት ሳምንት ጋዜጣ፣ የወረቀቱ ጨውና ሽታ፣ እሱም ጭኑ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ እጥፋቱን ሲያቃና። አርባ ቀን ፊደል አላየም ነበር። የሕቡዕ ሕግ ሁለት ነበር፤ መብራት የለም፣ ድምፅ የለም። ባልቴቷም ወደ ጓዳ ስትገባ «ልጄ፣ አደራህን» ብላው ነበር። እሱ በሹክሹክታ ያነበበ መስሎት ነበር። ለስልሳ ሰው ሲያነብ የኖረ ሰው ሹክሹክታን ከየት ያውቀዋል?

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነበር። ከእስር ቤት፣ በሸሚዝ ስፌት ውስጥ ደብቆ ባስወጣው ደብዳቤ ላይ፣ በገዛ እጁ አንድ መስመር ጽፎ ነበር፤ «ከባልቴቷ በቀር መደበቂያዬን የሚያውቅ ያሻገረኝ ቺንዳን ብቻ ነበር።» ከሃዲ ነው አላለም። ማለትም አላስፈለገውም። ደብዳቤው ቢዲ ቤት ተነበበ፤ ቺንዳን በዚያ ሰሞን ፖሊስ ጀልባው ላይ ጭኖ አይተነዋል የሚሉም ተገኙ፤ አስገድደው ሲሳፈሩበት ምን ያድርግ ያለ ግን አልነበረም። በማግስቱ የቺንዳንን ጀልባ የሚሳፈር ጠፋ። ፓርቲው በቦታው ሌላ ጀልባ አሰማራ። ቺንዳን ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ ዘጠኙንም ዓመት ጠዋት ጠዋት እየመጣ ባዶ ጀልባው ላይ ይቀመጥ ነበር። ሲሞት ሬሳውን ከሁለት ዘመዶቹ በቀር የተሸከመለት የለም።

ሴት ልጁ ማኒካም ደብዳቤው ሲነበብ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አሁን ቢዲ ቤቱ የሠራተኞቹ ማኅበር ሆኗል፤ እሷም እዚያው፣ ከመጨረሻው ምሰሶ ሥር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ትጠቀልላለች። ከሥራ ያባረራት የለም፤ ማኅበሩ ፍትሕ ያውቃል። ግን የአንባቢው ድርሻ ሲሰበሰብ ቅርጫቱ እሷን ያልፋታል። ይህን የወሰነ ኮሚቴ የለም፣ የተጻፈ ነገርም የለም፤ እንዲሁ ሆኖ የቀረ ነው። ራይሩም ለጉብኝት በሄደ ቁጥር ቅርጫቱ ሲያልፋት አይቷል። አይቶም ሻዩን ጠጥቶ ወጥቷል።

«አጠፋሁ እንዴ?» አለ ናኑ ፊቱን አይቶ።

«አንተ አላጠፋህም።»

ናኑ ጥላውን ይዞ ሄደ። ቺሩታ ጓዳ ውስጥ ዓሣ ታጸዳ ነበር፤ ከጓዳው መስኮት ሁሉንም ሰምታለች። ራይሩ በሩ ላይ ቆመ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ምን ትያለሽ?»

«አመል ያወጣል ከመሃል እላለሁ።» የዓሣውን ቅርፊት መፋቋን ቀጠለች። «አሁን የሰማሁት መሰለህ? ከእስር ወጥተህ በተጋባን በሦስተኛው ቀን የሻይ ቅጠል መጠቅለያ ስታነብ ሰማሁህ። ጎረቤት ወጥቶ ነበር፣ ጠብ መስሎት። ያን ቀን በልቤ ‹ይሄን ሰውዬ ማንም አልጠቆመውም› አልኩ።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት! ለምን አልነገርሽኝም?»

ቺሩታ ቢላዋውን አስቀመጠች። ይህን ጥያቄ ብዙ ዓመት ስትጠብቀው እንደቆየች ያስታውቅ ነበር።

«ለማን ልንገር? አንተ ጀግና ነህ፣ እኔ የጀግና ሚስት። ገበያ ስወጣ ተራ ይለቁልኛል። እርግጠኛ አይደለሁም እያልኩ ራሴን አታለልኩ፣ ደስ ይል ነበራ። ማኒካም በመንገድ ስትመጣ ካየሁ ግን በሌላ በኩል እዞራለሁ። እሷ የሚመስላት የከሃዲ ልጅ ስለሆነች ተጸይፌያት ነው። እኔ ግን አፍሬ ነው፣ አንተ ሰውዬ። አፍሬ ነው።»

ራይሩ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«ስሙን ከድንጋዩ አስወጣለሁ» አለ።

«ከድንጋዩስ ታስወጣለህ። ከሰው አፍስ?» ቢላዋዋን መልሳ አነሣች። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። አንተ ሁለቱም ደርሰውብሃል።»

ሐሙስ ጠዋት ሽርጡን አጥብቆ ወደ ፓርቲው ጽሕፈት ቤት ሄደ። መንገዱን ሁሉ ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ የቺንዳን ስም ብቻ ቢወጣ ይበቃል፣ ሌላው ለምን ይነገራል? ሕፃናት በትምህርት ቤት ስለ መያዙ የሚዘምሩት ዘፈን አለ፣ በየዓመቱ በዚያ ቀን ቀይ ባንዲራ ይዞ የሚሰለፍ አለ። ስለ ደረቅ ዓሣ መጠቅለያ ማን ይዘምራል? እውነቱን እንናገር ካልን፣ ያሳሰበው ልጆቹ አልነበሩም፣ ዘፈኑ ነበር። ራይሩ ደግ ሰው ነው፤ ደግ ሰው ግን ስለ ራሱ የተዘፈነለትን ዘፈን አይጠላም።

«ስሙን ብቻ አውጡት» አለው ሱጉናንን። «በጠላት እጅ ወደቀ ካልን ይበቃል።»

«ለምን ጋሼ?»

ሊዋሽ ፈለገ፣ አልመጣለትም። ነገረው። ሱጉናን የሚጽፈውን እስክሪብቶ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ ሰማው።

«የፖሊስ ቃል ነው» አለ በመጨረሻ። «የያዘዎትን ሰው ቃል አምነን የፓርቲውን ታሪክ እንሰርዝ?»

«ውሸት ቢሆንማ ጥሩ ነበር። እኔም አስታውሳለሁ እኮ፣ ሱጉናን። ጋዜጣው የያዘው የኮኮናት ዋጋ ነበር። ይህን ናኑ ከየት ያውቃል?»

«እሺ፣ እውነት ነው እንበል። ምርጫ ሦስት ወር ቀርቶታል። የእኛ ጀግና የተያዘው የኮኮናት ዋጋ ሲያነብ ነው ብለን አደባባይ እንውጣ? ተቃዋሚዎቻችን እስከ ልጅ ልጃችን ድረስ ይስቁብናል። ማኒካም አንድ ሰው ናት፤ ታሪኩ የሺህ ሰው ነው።»

«አንድ ሰው ናት?» አለ ራይሩ።

ሱጉናንም የተናገረው ጆሮው ገብቶ አፈረ፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ወደ ደንቡ ሸሸ። «ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ጋሼ። ኮሚቴው የሚቀጥለው ወር ይሰበሰባል። ይህን ሥርዓት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

እውነቱን ነው፤ ያስተማረው ራይሩ ነበር። የሚቀጥለው ወር ማለት ደግሞ ከእሑድ በኋላ ነው።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ድንጋይ ቀራጩ ዘንድ ጎራ አለ። ጥቁር ድንጋዩ በጣውላ ላይ ተጋድሟል። የላይኛው ሁለት መስመር ተቀርጾ አልቋል፤ የቺንዳን ስም ያለበት መስመር በጠመኔ ተጽፎ መሮውን ይጠብቃል። ራይሩ ጎንበስ ብሎ ሳያውቀው ጮክ ብሎ አነበበው። ቀራጩ መዶሻውን ይዞ ቀና አለና «ሲያነቡት እንዴት ያምራል!» አለው። ራይሩ የዚያን ጊዜ ያን ድምፁን ጠላው። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

«እስከ ነገ ቀትር እንዳትነካው» አለው ቀራጩን። «በሽማግሌ ልለምንህ።»

ቤቱ ገብቶ ወረቀት አወጣ። ደጋግሞ ጻፈ፣ ደጋግሞ ቀደደ። ቺሩታ የሩዝ አጥሚቱን ከካሳቫው ጋር አቀረበችለት፣ አልበላም። መጀመሪያ የጻፈው ሁለት ገጽ ነበር፤ ስለ ዘመኑ ችግር፣ ስለ ጭቆናው፣ ስለ ወጣትነት። ለቺሩታ ሲያነብላት «ይሄ ንግግር ነው» አለችው። ሁለተኛው አንድ ገጽ ሆነ። «አሁንም ራስህን ታቆላምጣለህ።» ሦስተኛው ስድስት መስመር ሆነ። ቺሩታ ተነሥታ አጥሚቱን አሙቃ መልሳ አቀረበችለት።

«የት ነው የምታነበው?» አለችው ሲበላ።

«የመጀመሪያው በተነበበበት።»

ዓርብ ማለዳ ቢዲ ቤቱ እንደ ደራ ገበያ ሞቅ ብሎ ነበር። የዕለቱ አንባቢ ፑሽፓ የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ ራይሩን ከነሚስቱ በሩ ላይ ስታይ ከወንበሯ ዘልላ ተነሣች። ሰፌዱን እንደያዘ የማይጮህ አልነበረም።

«ኧረ ጋሼ ራይሩ! ወንበሩ ይችልዎታል? ሚኒስትርነት እኮ ያከብዳል!»

«ፖለቲካውን ለካድሬ ትተው ወደ ሙያዎ ተመለሱ?»

«እትዬ ቺሩታ፣ እርስዎም ሊጠቀልሉ ነው?»

«እኔ እሱን ልጠብቅ ነው የመጣሁት፣ ገጽ እንዳይጨምር» አለች ቺሩታ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ማኒካም ግን ከመጨረሻው ምሰሶ ሥር አንገቷን ደፍታ ትቆርጣለች። ከበሩ የመጣ ሳቅ እሷ ዘንድ ሲደርስ ሁልጊዜ ያልቃል።

ራይሩ ወንበሩ ላይ ወጣ። መነጽሩን አደረገ።

«እርማት» ብሎ ጀመረ። «ከአርባ ዓመት በፊት በዚህ ቤት የተነበበ አንድ ደብዳቤ ስህተት ነበረበት። የጻፍኩት እኔ ራይሩ ነኝ። ቺንዳን ማንንም አልጠቆመም። ፖሊስ ሁለት ጊዜ መትቶት ‹ያሻገርኩት ዓሣ ነው› ብሏል። እኔን ያስያዘኝ የገዛ ድምፄ ነው፤ አታንብብ ተብዬ አነበብኩ፣ ያነበብኩትም የኮኮናት ዋጋ ነበር። ጀልባው ባዶውን የቆመው በእኔ አንድ መስመር ነው።»

ራይሩ በዚያ ወንበር ላይ ጦርነት አንብቧል፣ ረሃብ አንብቧል፣ የሰው መሰቀል አንብቧል፤ መቀስ ቆሞ አያውቅም። አሁን ቆመ። ውጭ ወንዙ ላይ የቀዛፊው ዘንግ ውኃ ሲመታ ይሰማ ነበር።

ከመሀል አንድ ሽማግሌ ጠቅላይ፣ የቤቱ ልማድ ነውና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ጠየቀ፤ «ይሄ የማን ጥቅም ነው?»

ራይሩ አሰበ። «አላውቅም» አለ። «ዘግይቷል።»

በዚህ መሀል ሱጉናን እያለከለከ ገባ፤ ወሬ በመንደር ከብስክሌት ይቀድማል። «ጓዶች፣ ይህ ነገር ገና በኮሚቴ አልታየም! ድንጋዩም ተጀምሯል!»

«በንባብ መሀል አይገባም!» አለችው ከበሩ አጠገብ የተቀመጠች አሮጊት፤ የገዛ አክስቱ ናት። «ድንጋይ ደግሞ ጀርባ የለውም እንዴ? ገልብጣችሁ ጻፉበት።»

ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ኋላ፣ ወደ መጨረሻው ምሰሶ አዞረ። ሥራዋን ያላቆመች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ማኒካም የያዘቻትን ቢዲ ጠቀለለች፣ ክሩን አዞረች፣ ቋጠረች፣ ሰፌዱ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀና አለች።

«አልሰማሁም» አለች።

ከቤቱ አልሰማሁም ሊል የሚችል አልነበረም። ራይሩ ግን «ልድገመው?» አለ።

«ይድገሙት። ግን ከዚያ አይደለም።» በመቀሱ ጫፍ ወደ ወንዙ የሚያየውን በረንዳ አሳየችው። ድምፅዋ አልጮኸም። «ያኔ ድምፅዎ ከባልቴቷ ቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ተሰምቷል። ደብዳቤዎም ከእስር ቤት ወጥቶ መሻገሪያው ድረስ ተሰምቷል። አባቴ የሚቀመጠው እዚያ ነበር። እስከዚያ ያሰሙት።»

ራይሩ ከወንበሩ ወረደ። ቺሩታ ክንዱን ልትይዘው እጇን ዘረጋች፣ ተወችው፤ ብቻውን በረንዳው ላይ ወጣ። ማዶ ለመሻገር የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ጀልባው ወንዙ መሀል ነበር። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘና በሙሉ ድምፁ አነበበ። «ቺንዳን ማንንም አልጠቆመም» ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ አለቀሰ። ሳይጠርገውም ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው አነበበ። ቀዛፊው ዘንጉን ይዞ ቆመ፤ ጀልባው ጥቂት ወደ ታች ተንሸራተተ። ተሳፋሪዎቹ ተነሥተው ወደ ቢዲ ቤቱ ያዩ ነበር።

ተመልሶ ሲገባ ፑሽፓ ቅርጫቱን አንሥታለች። ሰዓቱ ገና ነበር፤ ግን በዚያ ቤት ያነበበ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም። ከበሩ ጀምራ ዞረች፤ አንድ እስር፣ አንድ እስር። የሱጉናን አክስት ሁለት ጣለች። ፑሽፓ መጨረሻው ምሰሶ ጋ ስትደርስ እጇ እንደለመደው ሊያልፍ ነበር፤ ቆመች፣ ደነገጠች፣ ተመልሳ ቅርጫቱን ማኒካም ፊት ዝቅ አድርጋ ያዘች።

ማኒካም ሰፌዷን ከጭኗ አወረደች። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልተወሰደላትን አንድ እስር መረጠች፤ ክሩን ፈትሻ አጠበቀችው፤ ቅርጫቱ ውስጥ አልወረወረችውም፣ አስቀመጠችው።

«ይሄ ለንባቡ ነው» አለች ራይሩን ቀና ብላ እያየችው። «ስለ አባቴ ግን ገና ይቅር አላልኩም።»

ራይሩ ራሱን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ ልጄ» አለ። ማኒካም ሰፌዷን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገች፤ መቀሷንም አነሣች።